እጃችሁ ጠጠሩን ከመንካቱ በፊት

ይድረስ ቼዝ ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

ከሽንፈት በኋላ አዘውትሮ የሚሰማው ቃል «አላየሁትም» ነው። እውነት ነው፣ አላያችሁትም። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታክቲክ (በጥቂት እርምጃ ጠጠር ወይም ጨዋታ የሚያስገኝ ዘዴ) እውቀት ማነስ አይደለም፤ በራሳችሁ ዕቅድ ተወስዳችሁ ተጋጣሚያችሁ አሁን ያደረገውን ሳትመረምሩ ማለፋችሁ ነው።

ይህ ጀማሪን ብቻ አይጥልም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ቦን ከተማ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት የአንድ እርምጃ ቼክሜት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበት) ሳያይ ቀረ። ሰሌዳ አውጡና ደርድሩት፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል። የክራምኒክ ጥቁር ንጉሥ ኤች8 ላይ ነው፤ ወታደሮቹ ጂ7 እና ኤች6 ላይ። የነጭ ንግሥት ኢ4 ላይ ሆና በሰያፍ ኤች7ን ታያለች። የነጭ ፈረስ ከኢ6 ዘልሎ ኤፍ8 ላይ ሩክ በላ። ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ተበላው ሩክ ነው። ፈረሱ ግን እዚያ እንዳረፈ ኤች7ንም መጠበቅ ጀምሯል። ክራምኒክ ንግሥቱን ወደ ኢ3 ወሰደ፤ የነጭ ንግሥት ኤች7 ገባች፣ አለቀ። ንጉሡን ወደ ጂ8 ቢያሸሽ ኖሮ ጨዋታው ይቀጥል ነበር።

ስለዚህ ተጋጣሚ በተጫወተ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጠጠሩ አሁን የትኞቹን ቤቶች ይመታል? ከለቀቀው ቤት ሲጠብቀው የነበረውን ምን ተወ? ከኋላው የትኛው መስመር ተከፈተ? ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የእናንተ ታክቲክ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። ከዚያ የራሳችሁን እርምጃ ምረጡ፣ በሐሳባችሁ ተጫወቱት፣ በተጋጣሚ ዓይንም መልሱን ፈልጉ፦ መጀመሪያ ቼክ፣ ቀጥሎ መብላት፣ ቀጥሎ ማስፈራራት።

ታክቲክ ምልክት አለው። ጠባቂ የሌለው ጠጠር፣ ከንጉሥ ጋር በአንድ መስመር የዋለች ንግሥት፣ ሁለት ጠጠር ብቻውን የሚጠብቅ ሩክ ስታዩ ቁሙ። የፈረስ ሹካን፣ ማለትም ፈረስ ሁለት ጠጠር በአንድ ጊዜ የሚያጠቃበትን፣ በቀለም መለየት ይቻላል፦ ፈረስ በተራመደ ቁጥር የሚቆምበት ቤት ቀለም ይለወጣል። ንጉሣችሁና ንግሥታችሁ ነጭ ቤት ላይ ሆነው የተጋጣሚ ፈረስም ነጭ ቤት ላይ ከሆነ፣ በሚቀጥለው እርምጃ ሊደርስባችሁ ይችላል። ጥቁር ላይ ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት እርምጃ ያስፈልገዋል።

በውድድር ላይ የነካችሁትን ጠጠር ትጫወታላችሁ፤ ስለዚህ እያሰባችሁ እጃችሁን ሰሌዳው ላይ አታንዣብቡ፣ ጭናችሁ ላይ ይሁን። ድሮ «ጻፍ፣ ከዚያ ተጫወት» ይባል ነበር። አሁን የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ እርምጃን አስቀድሞ መጻፍ ይከለክላል፤ አትለማመዱት።

ልምምድን በተመለከተ፣ በቀን አሥር እንቆቅልሽ ይበቃል፤ ሃምሳ በጥድፊያ መሥራት መገመትን ብቻ ያስተምራል። ጠጠር ሳትነኩ እስከ መጨረሻው እርምጃ አስቡ፣ መልሱን ጻፉ፣ ከዚያ አመሳክሩ። የሳታችሁትን በደብተር ለይታችሁ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ከጎኑም ያላያችሁት ምን እንደነበር በአንድ መስመር አስፍሩ፦ «ቢሾፑ ከሩቅ እንደሚጠብቅ ረሳሁ»፣ «ወታደሩ ፒን ሆኖ ነበር» (ከኋላው ያለውን ጠጠር ላለማጋለጥ ታስሮ ነበር)። ከሠላሳ ጨዋታ በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ አንዱ ዓይነት ስህተት ደጋግሞ ይመጣል። የሚቀጥለውን ወር ልምምድ በእሱ ጀምሩ።