ቡናው ታጥቦ ሄደ፣ እጣቢው እኛ ጋ ቀረ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ ጅማ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፣ ቤተሰቦቼ ያሉት ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ ቡና ማጠቢያ በታች ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት እንኳ አሽትቶ ይመለሳል። ይሄንኑ ለቲሲስ ላጥና ብል አድቫይዘሬ «ውሃውን ለክተሽ ጨርሺ፣ የሰው ወሬ ሳይንስ አይሆንም» አለኝ፣ እናቴ ደግሞ «ተይው ልጄ፣ የአክስትሽ ልጆች እዛው ሰርተው አይደል የሚበሉት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?
ከወንዙ ማዶ፣ ጅማ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከእናትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ነገሩ ከአድቫይዘርሽ በላይ የገባቸው እሳቸው ናቸው። ደሞዙም ሽታውም እዛው አንድ ቤት ነው የሚገባው፣ ቡናው ግን ታጥቦ አምሮበት ይሄዳል። የአካባቢ ፍትህ የሚባለው ጥያቄ እኮ ይሄው ነው፣ ጥቅሙ የት ሄደ እጣቢውስ ማን ደጅ ቀረ። ስለዚ የእናትሽን ስጋት እንደ እንቅፋት አትይው፣ ጥናትሽ ውስጥ አስገቢው።

«የሰው ወሬ» ላሉት ደግሞ ሚናማታን ንገሪያቸው። ጃፓን ውስጥ ያለች የአሳ አጥማጆች ከተማ ናት፣ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ባህር ይለቅ ነበር፣ ድመቶቹ እየተንዘፈዘፉ ሲሞቱ መጀመሪያ ያዩት ነዋሪዎቹ ናቸው። ኋላ ሰውን የያዘው በሽታ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956፣ መንግስት ምክንያቱ የፋብሪካው ፍሳሽ ነው ብሎ ያመነው ግን በ1968 ነው፣ 12 አመት ሙሉ ሰው አሳውን እየበላ ማለት ነው። ያንቺ ከብት አሽትቶ መመለሱም ዳታ ነው፣ ጻፊው።

መለካቱንም ግን እንዳትተይ፣ እሱ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሰአቱን ነው። ገበሬው ቀን የለቀመውን እሸት አመሻሽ ላይ ያስረክባል፣ እሸት ደግሞ አያድርም፣ ስለዚ የሚፈለፈለው ማታ ነው። አንቺ ጠዋት 4 ሰአት ላይ ጀሪካን ይዘሽ ብትመጪ ብዙው አልፎ ሄዷል። ከማጠቢያው በላይም በታችም በዛው ቀን ቅጂ፣ ያለዛ «ወንዙ ድሮም እንዲህ ነበር» ይሉሻል፣ ክረምት ላይም ማጠቢያው ሲዘጋ ድገሚው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እዛው ወንዙ ዳር ለኪ፣ ላብራቶሪ እስኪደርስ ይለወጣል፣ የቢኦዲው (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚጨርሰው የኦክስጅን መጠን) ጠርሙስ ግን በ20 ዲግሪ 5 ቀን ይቀመጣል። የቡናው ልጋግ ስኳር አለበት፣ ባክቴሪያው እሱን ሲበላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ሽታው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። ድንጋይ ገልብጠሽም እዪ፣ ንጹህ ውሃ የሚወዱት ነፍሳት ጠፍተው ቀያዩ ትል ብቻ ከቀረ ወንዙ ራሱ ነገረሽ ማለት ነው።

ሰው ስትጠይቂ «ወንዙ ተበክሏል ወይ» አትበይ፣ እሺ ብሎ የሚሸኝሽ ይበዛል። ልብስ ድሮ የት ታጥቡ ነበር አሁንስ የት፣ ጀሪካኑን ማን ይሸከማል፣ በየትኛው ወር ነው መንገዱ የሚረዝመው በያቸው። ስም አትጻፊ፣ ስም ብቻም አይደለም፣ ትንሽ ሰፈር ውስጥ «የአምስት ልጆች እናት ጠላ ሻጭ» ካልሽ የማጠቢያው ባለቤት ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቃል። ውጤቱን ደግሞ ዲፌንስ ሳይደርስ ለሰፈሩ በቃል ንገሪ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ቲሲስ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።

ክሱ ያንቺ ስራ አይደለም፣ ግን የሰፈሩ ሰዎች ይወቁት፦ የህገ መንግስቱ አንቀጽ 44 በንጹህ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፣ አዋጅ 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጉዳት ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ መስሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል ይላል፣ በ30 ቀን ካልወሰኑ ወደ ፍርድ ቤት ነው።

እና ማታ ወንዝ ብቻሽን እንዳትወርጂ፣ ከዘመድ አንዱን ይዘሽ ሂጂ፣ የአክስትሽን ልጆች ግን ተያቸው፣ እንጀራቸው እዛው ማጠቢያው ነው።