የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሮበርት ፍሪፕ ጊታር

ስለ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ሮበርት ፍሪፕ ከአንባብያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪፕ ግራኝ ነው ይባላል፤ በፎቶ የማየው ግን እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች ይዞ፣ ያውም ተቀምጦ ነው። ስለ ሕይወቱ ባጭሩ ብትነግሩኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ግራኝ ሆኖ ሳለ በቀኝ እጅ ጊታር ተምሮ በዚያው ቀረ። የሚቀመጠው ለእጁ ነው፤ ፒኩን (የክር መምቻውን) ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቀ በፍጥነት ክር ከክር የሚዘል ሰው ጊታሩ ሊወዛወዝበት አይገባም።

የተወለደው ሜይ 16 ቀን 1946 በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት፣ ዊምቦርን ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ጊታሩን በ11 ዓመቱ አገኘ፤ በወጣትነቱ በቦርንማውዝ ሆቴል የዳንስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የሮክ ባንድ፣ ኪንግ ክሪምሰን፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1969 የመጀመሪያ ልምምዱን አደረገ፤ ጁላይ 5 ላይ ለንደን ሃይድ ፓርክ በሮሊንግ ስቶንስ ዝግጅት ከነሱ ቀድሞ ተጫወተ፤ በኦክቶበር የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። ፍሪፕ ባንዱን በ1974 በተነው፤ በ1981 በሌላ አሰላለፍ መለሰው። የመጨረሻው ኮንሰርት ዲሴምበር 8 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ ነበር። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ከባንዱ ውጭ የሠራው ነው፤ የቀሩት ጥያቄዎችም ባብዛኛው ወደዚያው ይወስዱናል።

ጥያቄ፦ በዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» ዘፈን ላይ ከላይ ተንሳፍፎ የሚያለቅሰው ጊታር በኢቦው (በእጅ ተይዞ ክሩን በማግኔት በሚያርገበግብ መሣሪያ) የተሠራ ነው ብሎ ጓደኛዬ ይከራከረኛል። እውነት ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አይደለም። ጊታሩ የፍሪፕ ነው፤ በ1977 በርሊን ሃንሳ ስቱዲዮ የተቀዳ፣ ከስፒከሩ በሚመለስ ድምፅ፣ ማለትም በፊድባክ የተሠራ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ እንደተናገረው፣ ፍሪፕ እያንዳንዱ ኖታ ከስፒከሩ ስንት ርቀት ላይ እንደሚጮኽ ለክቶ ወለሉ ላይ ምልክት ነበረው። ላ በ1.2 ሜትር አካባቢ፣ ሶል ትንሽ ቀረብ ብሎ። ኖታው ሲቀየር እሱም ቦታ ይቀይራል። ጊታሩ በሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ ሲንተሳይዘር በኩል አልፎ ሦስት ጊዜ ተቀዳ፤ ሦስቱም ተደርበው ነው የምንሰማው።

ርቀቱ ለምን ይወስናል? ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በአየር ሄዶ የሚርገበገበውን ክር መልሶ ይገፋዋል። ግፊቱ ከክሩ እንቅስቃሴ ጋር ከገጠመ ኖታው ይቆያል፤ ከተቃረነ ይሞታል። 440 ኸርዝ ያለው ላ የሞገዱ ርዝመት 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 39 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ማለት ብቻ ደጋፊውን ግፊት ተቃራኒ ያደርገዋል።

ለመሞከር አምፕሊፋየሩን ከኦቨርድራይቭ (ድምፁን ከሚያሻክር) ፔዳል ጋር ያብሩና አንድ ኖታ ይዘው፣ ሌሎቹን አምስት ክሮች በመዳፍና በጣት አፍነው፣ ከአንድ ሜትር ጀምሮ ቀስ ብለው ያፈግፍጉ። ያልታፈነ ክር ካለ እሱ ይቀድምና የሚፈልጉትን ኖታ ይበላዋል። ድምፁ ሲያብብ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፈው የኖታውን ስም ይጻፉበት። ክፍል ከቀየሩ ወይም አምፕሊፋየሩን ካዞሩ ምልክቱ ሁሉ እንደገና ይለካል። ጣትዎ የትም ቢሄድ የማይቀየር ቀጭን ፉጨት ከሰሙ ግን የሚጮኸው ክሩ አይደለም፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የፒክአፑ ጥቅል ሽቦ ነው። ጌይኑን (የማጉያውን መጠን) ይቀንሱ፤ ካልተሻለ ባለሙያ ፒክአፑን ሰም ያስገባበታል። የጆሮ መሰኪያ ሳያደርጉ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በሉፐር ፔዳል (የተጫወቱትን ቀድቶ እየደጋገመ በሚያሰማ) የፍሪፕን «ፍሪፐርትሮኒክስ» የተባለ ድምፅ የመደራረብ አሠራር ልሞክር ብል ድምፁ እየተደራረበ ምኑም አይለይም። ምን ጎደለኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጎደለው መደብዘዝ ነው። ፍሪፕ ይህን አሠራር በሴፕቴምበር 1972 ለንደን፣ ብራያን ኢኖ ቤት ባለው ስቱዲዮ አገኘው፤ ከእነሱ በፊት በ1960ዎቹ ቴሪ ራይሊና ፖሊን ኦሊቬሮስ ሠርተውበታል። ሁለት ሬቮክስ ኤ77 ሪል ቴፖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቴፑ ከግራው ሪል ተነሥቶ የግራው ማሽን ይቀዳበታል፤ ከዚያ ወደ ቀኙ ተሻግሮ እዚያ ይነበባል፤ ቀኙ ሪል ላይ ይጠቀለላል። የተነበበው ድምፅ ወደ ስፒከርም፣ ተመልሶ ወደ ግራው መቅጃም ይገባል። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው የቴፕ ርዝመት ለፍጥነቱ ሲካፈል የመመለሻውን ጊዜ ይሰጣል፦ 95 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 19 ቢሄድ 5 ሰከንድ፣ በ9.5 ቢሄድ 10 ሰከንድ። ድምፁ በዞረ ቁጥር ይቀንሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ እየተሸረፈ ይለሰልሳል። ለአዲሱ ኖታ ቦታ የሚለቀው ይህ ነው።

የእርስዎ ሉፐር ግን የቀድሞውን እንዳለ ያኖረዋል። ፊድባክ ወይም ዲኬይ የሚል መቆጣጠሪያ ካለው 80 በመቶ ላይ ያድርጉት፤ አንድ ኖታ ከአምስት ዙር በኋላ ወደ ሲሶ፣ ከአሥር ዙር በኋላ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ዙሩ 5 ሰከንድ ከሆነ ይህ 50 ሰከንድ ነው። 90 ላይ ቢያደርጉት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ከ100 ካለፈ በጥቂት ዙር ይፈነዳል። መቆጣጠሪያው ከሌለ እስከ 5 ሰከንድ ድምፁን አዘግይቶ የሚመልስ ዲሌይ ፔዳል ይሻላል። ኖታውን በፒክ ከመምታት በቮልዩም ፔዳል ቀስ አድርገው ያስገቡት፤ የፒክ ምት በየዙሩ እየተመለሰ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። ወፍራሞቹን ኖታዎች ወደ መጨረሻ ያቆዩ፤ ቶሎ የሚያጨናንቁት እነሱ ናቸው።

እውነተኛ ሪል ቴፕ ያላችሁ ደግሞ በማሽኖቹ መካከል ያለውን ቴፕ ተከታተሉት። ቀኙ ከዘገየ ቴፑ ይላላና ጊዜው ይረዝማል፤ ከፈጠነ ይወጠርና ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ ክራር ተጫዋች ነኝ፣ ጊታር ጀምሬያለሁ። የፍሪፕን ቅኝት በተለመደው ክር ስሞክር አንደኛው ክር ተበጠሰ። ምን ላድርግ? ትዝታስ ይወጣበታል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይወጣል፤ ያውም ሳይጫኑት። ፍሪፕ ይህን ቅኝት በ1983 አስቦት፣ በ1985 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በጀመረው ጊታር ክራፍት በሚባለው ትምህርት መደበኛ አደረገው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሶል ነው። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ስለሆኑ ስድስቱ ክፍት ክሮች ከትዝታ አይወጡም። በግርፍ ቢመቱት ሁሉም ይስማማል። ለትዝታ ማይነር (ክሮቹ ከቀጭኑ ጀምሮ ይቆጠራሉ፤ አንደኛው ቀጭኑ ነው) ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ። ለአምባሰል ሦስተኛውንና አራተኛውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ከፍ አድርገው ፋ ላይ ያቁሙት።

አሁን ወደ ክሩ። ከተለመደው ቅኝት ሲነሡ ስድስተኛው አራት ግማሽ ድምፅ፣ አምስተኛው ሁለት ይወርዳል፤ አራተኛው እንዳለ ይቆያል፤ ሦስተኛው ሁለት፣ ሁለተኛው አምስት፣ አንደኛው ሦስት ይወጣል። በዚያው ክር አንደኛው 41 በመቶ፣ ሁለተኛው 78 በመቶ ተጨማሪ ውጥረት ይሸከማል፤ ስድስተኛው 37 በመቶ ላልቶ ፍሬቱ (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ይንጫጫል። አንደኛው የሚበጠሰው ሊደርስበት ከሚችለው ድምፅ ጫፍ አጠገብ ስለሚቆም ነው፤ ሁለተኛው ባይበጠስም የአኩስቲክ ጊታርን ብሪጅ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የሚታሰሩበትን) ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ክሩን ለየብቻ ይግዙ። ለአኩስቲክ አንደኛው 0.011 ኢንች፣ ሁለተኛው 0.013፣ ሦስተኛው የተጠቀለለ 0.022፣ አራተኛው 0.032፣ አምስተኛው 0.046፣ ስድስተኛው 0.058 ይሁን። አንድ በአንድ ይቀይሩ። ሁሉንም በአንዴ ካወለቁ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። ስድስተኛው በነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በሚያልፉበት) ሰንጥቅ ውስጥ ካልገባ ባለሙያ በሞረድ ያስፋው፤ በግድ ከተጫነ ሲቃኝ እየተያዘ ይዘላል። ሰንጥቆቹን በእርሳስ ግራፋይት ያለስልሱ። አንደኛውን ክር መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ ሚ አድርሰው ጥቂት አቆይተው ከዚያ ወደ ሶል ያውጡት። ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት) ላይ ስለት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው ነው፤ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

ጣትዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። ከሁለቱ ቀጫጭን ክሮች በቀር በየክሩ መካከል ሰባት ግማሽ ድምፅ ስላለ የተለመዱት የኮርድ አያያዞች አይሠሩም፤ ግራ እጅ ሰፋ ብሎ መዘርጋት አለበት። መጀመሪያ ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ይለማመዱ፤ እዚያ ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ። ሲለምዱት ወደ ታች ይውረዱ።