ለ4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ የቱ ሊኑክስ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። «ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ዊንዶውስ 10 ተንቀራፎብኛል፣ ባሕር ዳር ሆኜ በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው፤ የቱን ሊኑክስ ልጫን?» ላልከው፣ እኔ ሊኑክስ ሚንትን እልሃለሁ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው፤ ሚንት አንዱ ነው። ከሚንት እትሞች ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) የሚለውን ምረጥ፤ ለማሽንህ ቀለል ይላል።

ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ግራ አያጋባም። ሜኑው እዚያው ታች በግራ በኩል ነው። ሚንት 22 የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በሚባል ሌላ ሊኑክስ ላይ ስለሆነ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስም ጎበዝ ነው፤ ግን በየ6 ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፣ ዳታህን ይበላዋል። አርች የሚባለው ሊኑክስ ደግሞ ለጊዜው ይቅርብህ።

የሚንት መጫኛ ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው። በሞባይል ካርድ እንዳታወርደው! ፖሊ ግቢ የሚማር ጓደኛ ካለህ ፍላሽህን ስጠው፤ አውርዶ ላፕቶፑ ከፍላሹ እንዲነሣ አድርጎ ያዘጋጅልህ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ከመጫንህ በፊት ከፍላሹ አስነስተህ ሞክረው። ዊንዶውስህ አይነካም። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የስክሪኑን ብርሃን አንድ በአንድ እይ። የእህቴን ላፕቶፕ ስሞክር ሁሉም ሠራ፤ የዋይፋዩ ምልክት ግን የለም። ስልኬን በኬብል ሰክቼ ኢንተርኔት ሰጠሁት፣ ድራይቨር ማናጀርን (ዋይፋይን የመሰሉ ክፍሎችን የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልገውን) ከፈትኩ፣ እሱም የጎደለውን አገኘው። እፎይ አልን።

ፎቶና ሰነድህን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ አደራ። መብራት ቢሄድ መሐል ላይ እንዳይቋረጥብህ ባትሪውንም ሙላ።

እምቢ ካለህ የላፕቶፑን ሞዴል ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር አለሁ፤ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።