ሕፃን ሲሞትብኝ ለምን አላለቀስኩም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሰሞኑን አንድ ሕፃን ሞተብን። እናቱ ወለሉ ላይ ወድቃ ስትጮህ ምንም አልተሰማኝም። ካርዱን ሞልቼ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። ቤት ስገባ ግን ልጄ ውሃ ደፋ ብዬ እጮኽበታለሁ። ከአዳር ስወጣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ አልፎ አልፎ ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት እወስዳለሁ። ጨካኝ ሆኛለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ሲስተር። ጨክነሽ ቢሆን ኖሮ የዚያች እናት ጩኸት እስካሁን አይከተልሽም ነበር። በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ እየጠበቀሽ ነበር። አእምሮ ሥራው እንዳይቆም ሲል ስሜትን ይዘጋል። የተዘጋው ሐዘን ግን የትም አይሄድም፤ ቤት ስትገቢ በቁጣ ይወጣል።

ይህ ሲደጋገም በርንአውት እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታ አይለውም፤ መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ችግር ነው የሚለው። መገለጫዎቹ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና “ምንም አልሠራሁም” የሚል ስሜት ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚ። ክፍሉን በታካሚ አጨናንቆ፣ ሁለት ነርስ መድቦ “ራሳችሁን ጠብቁ” ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ተከታታይ አዳር እንዲቀነስልሽ ለክፍሉ ኃላፊ ወይም ለማትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ንገሪ። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ የደከመ ነርስ መድኃኒት ሊሳሳት ይችላል።

ዲያዜፓሙ ያሳስበኛል። መድኃኒቱ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ባለሙያ የሚጀምረው እንዲሁ “አልፎ አልፎ” እያለ ነው። ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ በሳምንታት ውስጥም ሊለመድ ይችላል። ከአልኮል ጋር በፍጹም አይወሰድ። በየቀኑ መውሰድ ከጀመርሽ ቆይተሽ ከሆነ ደግሞ በአንዴ አታቋርጪው፤ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቀስ እያልሽ ቀንሺ።

ለእንቅልፍሽ ከቡና እንጀምር። ከጠጣሽው ካፌይን (ቡና ውስጥ ካለው አነቃቂ ንጥረ ነገር) ግማሹ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም በደምሽ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አትጠጪ። ቤት ስትደርሺ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ሸፍኚ፣ ስልክሽን አጥፊ። አዳር የሠራ ሰው ቀን ሲተኛ ሰነፍ የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ቤተሰቡን ሰብስበሽ “ይህ የእኔ ሌሊት ነው” በያቸው። ጎረቤት ለቡና ቢጠራሽም ሌላ ቀን ይደርሳል።

ስለ ሕፃኑ አብራሽ ለነበረች አንዲት የሥራ ባልደረባ አውሪ፤ ከርክክብ በኋላ አሥር ደቂቃም ይበቃል። ሁሉንም ሰብስቦ “የተሰማችሁን ተናገሩ” ብሎ ማስገደድ ግን አይመከርም። የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ዝም ይበል።

ድብርቱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ያ ምስል እየመጣ ካስቸገረሽ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ካለሽ አማኑኤል አለ፤ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አላቸው። ወሬው የሚያስፈራሽ ከሆነ ከምትሠሪበት ውጭ ሌላ ሆስፒታል መታከም መብትሽ ነው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ በታካሚነት።