ጉቦው ከመሰጠቱ በፊት፦ ስለ ዓለም አቀፍ የፀረ ሙስና ስምምነቶች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ ነው። በፖለቲካ ውስጥ ጉቦን ለመከላከል የወጡት ስምምነቶች ምን እንደሚያዙና እኛ ዘንድ በምን በኩል እንደሚሠሩ ብዙ ሰው ጠይቋል። የአገራችን አዋጆች ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ነው። የማን እንደሆነ ሳይነገር "አንቀጽ" ሲባል ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት ለእኛ ሕግ ነው ወይስ ምክር?

ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ አገር ሜሪዳ ከተማ ላይ ለፊርማ ቀረበ፤ ኢትዮጵያም ያኔውኑ ፈረመች፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 544/1999 አጸደቀችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ነገር ግን 71ዱ አንቀጾች እኩል ጉልበት የላቸውም። ጉቦን ወንጀል ማድረግ (አንቀጽ 15) ግዴታ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት (አንቀጽ 20) ግን አገሮች እንዲያስቡበት ብቻ የቀረበ ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይህንንም ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ አንቀጽ ስትጠቅሱ "ግዴታ አለበት" ወይስ "ያስብበታል" እንደሚል አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ብዙ ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ባለሥልጣኑ ራሱ ሳይቀበል ለማኅበሩ ወይም ለፓርቲው ቢሰጥለት ጉቦ ነው?

ነው። አንቀጽ 15 ጥቅሙ ለራሱ "ወይም ለሌላ ሰው ወይም ለተቋም" ቢሆንም ይላል። ገንዘቡም እጅ መግባት የለበትም፤ ቃል መግባት ወይም ማቅረብ ይበቃል። ተቀባዩ ባይጠይቅ እንኳ ሰጪው ይጠየቃል፤ ሰጪው ባይሰጥ እንኳ የጠየቀው ይጠየቃል። መካከል ላይ ያለውን ጉዳይ ገዳይ ደግሞ አንቀጽ 18 ይመለከተዋል፤ "እገሌን አውቀዋለሁ፣ አስጨርስልሃለሁ" ብሎ በሰው ሥልጣን መነገድ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ፓርቲ ገንዘብስ?

ትልቁ በር ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 3 የዕጩዎችና የፓርቲዎች ገንዘብ ግልጽ እንዲሆን አገሮች ሕግ እንዲያስቡ ይጠይቃል፤ ቃሉ ለስላሳ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ የወጣው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት ግን በአንቀጽ 10 ጠንከር ይላል፦ በሙስና የተገኘ ገንዘብ ለፓርቲ እንዳይውል አገሮች እንዲከለክሉ ያዛል። እኛ ዘንድ የፓርቲዎችን ገንዘብ የሚገዛው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ነዳጅ፣ አዳራሽ፣ የባነር ማተሚያ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ እነዚህ ሁሉ ስጦታ ናቸው፤ መዝገብ ላይ ግን አይታዩም። ስለዚህ የፓርቲ ሒሳብ ያዥ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ገቢው ሁሉ በአንድ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ በዓይነት የተሰጠው ደግሞ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተገምቶ ከሰጪው ስም ጋር ይጻፍ። አንድ ነጋዴ ገንዘቡን በአሥር ሠራተኞቹ ስም ከፋፍሎ ካስገባ ምልክቱ ተመሳሳይ መጠን በተቀራራቢ ቀን መግባቱ ነው። መዝገቡ ይፋ የሚሆነውም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቢሆን ነው ለመራጩ የሚጠቅመው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ባለሥልጣናት ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ ይባላል። ለውጡ ታዲያ የት አለ?

የልብ ጥያቄ ነው። አንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ 5 ሹማምንት የውጭ ሥራቸውን፣ መዋዕለ ንዋያቸውን፣ ንብረታቸውንና የተቀበሉትን ከፍ ያለ ስጦታ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 668/2002ም ምዝገባውን አቋቁሞ በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስ አድርጓል። ሙስናን የሚይዘው ግን ቅጹን መሙላት አይደለም፤ ማመሳከሩ ነው። ማንም የሌለውን ይሞላል፣ ያለውን ይተዋል፤ የሚያነጻጽር ከሌለ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሹም የተጣራ ደመወዝ በወር 20,000 ብር ነው እንበል፤ በሁለት ዓመት 480,000 ይሆናል። በዕድሳቱ ላይ የ3,000,000 ብር መኪና ቢጨምር፣ አንድ ሳንቲም ሳይበላ ቢያስቀምጥ እንኳ 2,520,000 ብር ማብራሪያ ይፈልጋል። ብድር ከሆነ የባንክ ውል ይታይ፤ ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት ማስረጃ። የሚመሳከረው ከይዞታ ማረጋገጫ፣ ከመኪና ሊብሬ፣ ከአክሲዮን መዝገብና ከባንክ ሒሳብ ጋር ነው።

ማምለጫው ደግሞ የስም ነው። አዋጁ ቤተሰብ የሚለው ባለቤትንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፤ በእናት፣ በወንድም ወይም በአማች ስም የተገዛ ቤት ከዚያ ውጭ ይቀራል። ለዚህ ነው የኩባንያና የንብረት እውነተኛ ባለቤት መዝገብ ያስፈልጋል የሚባለው። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው ይህን ነበር።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ጨረታ ላይ ሲከፈት ሁላችንም እናያለን። ታዲያ የት ይበላል?

ፖስታው ሲከፈት ያለቀ ነገር ነው የምታዩት። አንቀጽ 9 ማስታወቂያው በቂ ጊዜ እንዲኖረው፣ መመዘኛው አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ ለተሸናፊ ደግሞ ይግባኝ እንዲኖር ያዛል። መበላሸቱ የሚጀምረው የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ሲጻፍ ነው። አንድ ሞዴል ብቻ የሚያሟላው የመጠን ልክ ይገባል፤ "ወይም ተመጣጣኝ" የሚለው ቃል ይቀራል። ሌላው መከፋፈል ነው፤ ትልቁ ግዥ ይቆራረጥና በፕሮፎርማ ይፈጸማል፤ ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ ኪስ ይወጣሉ። አብረው አስቀምጣችሁ እዩዋቸው፦ አንድ ስልክ፣ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ ዋጋቸው በእኩል መቶኛ የሚበላለጥ። ሦስተኛው ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመጣው ተጨማሪ ሥራ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ የቀረውን የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ስለዚህ ከማሸነፊያው ዋጋ ጋር የመጨረሻው ክፍያም ይፋ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሻይ ብር የምትባለዋም ትቆጠራለች?

ትቆጠራለች። ግራ የሚያጋባው የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የ1997 እ.ኤ.አ. የፀረ ጉቦ ስምምነት ነው፤ ማብራሪያው ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚሰጥን ትንሽ የማፋጠኛ ክፍያ ከወንጀሉ ውጭ ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን እንዲህ ያለ ማግለያ የለውም።

ጥያቄ፦ እኛን ማን ይመረምረናል?

ሌሎች አገሮች። እ.ኤ.አ. በ2009 ዶሃ ላይ በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የግምገማ ሥርዓት እያንዳንዱን አገር ሁለት አገሮች ይገመግሙታል፤ አንዷ ከራሱ አህጉራዊ ቡድን ናት። የመጀመሪያው ዙር ወንጀሎችንና ትብብርን፣ ሁለተኛው መከላከልንና የተዘረፈ ሀብት ማስመለስን ያያል። ማጠቃለያው ይፋ ይሆናል፤ ሙሉው ሪፖርት የሚወጣው አገሩ ከፈቀደ ነው። ጋዜጠኞች ማጠቃለያውን አንብበው "ይህ ምክር የት ደረሰ?" ብለው ቢጠይቁ ትልቅ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጥቆማ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ግን እፈራለሁ።

ፍርሃትዎ አግባብ ነው፤ አንቀጽ 33ም ስለ ጠቋሚ ጥበቃ የተጻፈው ለዚሁ ነው። እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። "እገሌ ሌባ ነው" የሚል ጥቆማ አይመረመርም። ቀኑን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የሰነዱን ቁጥር፣ የተጠየቀውን መጠንና የአከፋፈሉን መንገድ ይጻፉ። ዋናውን ሰነድ አይስጡ፤ ቅጂ ይስጡ። በሥራ ቦታዎ ኮምፒውተር ወይም ስልክ አይጻፉ። ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ያስቀምጡ፤ ሲሰጡም የተቀባዩን ፊርማና የመዝገብ ቁጥር ተቀብለው ይውጡ።