የ«ክፍያ ጥበቃ» ኢንሹራንስ ሳላውቅ ስከፍል ኖሬያለሁ፤ ጊዜው አልፎብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2004፣ ልብስና የቤት ዕቃ በዱቤ ከሚሸጥ የካታሎግ ኩባንያ በስልክ አካውንት ከፈትኩ። ያኔ ኮሌጅ እየተማርኩ በሳምንት 12 ሰዓት ጽዳት እሠራ ነበር፤ እንግሊዝኛዬም ገና ነበር። በቅርቡ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ በየወሩ ስቴትመንት ላይ «የክፍያ ጥበቃ» የሚል መስመር አየሁ። አንዳንዴ 4 ፓውንድ፣ አንዳንዴ 9 ፓውንድ ይላል። እስከ 2010 ድረስ ተቆርጧል። ምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። አካውንቱን ከፍዬ የዘጋሁት በ2022 ነው። ኩባንያው ጋ ስደውል «የቅሬታው ጊዜ ከዓመታት በፊት አልፏል» አሉኝ። አሁን ደግሞ አንድ ሰው እየደወለ «ገንዘቡን እናስመልስልሽ፣ 40 በመቶው ለእኛ ይሁን» ይለኛል። እህቴም ባለፈው ዓመት ሶፋ በዱቤ ስትገዛ ሳትጠይቅ ኢንሹራንስ ጨምረውባታል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ኩባንያው የነገረዎት ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረዎት። ያለፈው የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ ነው። ክስ የመመሥረት መብትዎ ግን እንዳለ ነው፤ ለዚህም የበቃዎት አካውንቱ እስከ 2022 ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ እርስዎ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ያዩት መስመር ፒፒአይ የሚባለው ነው። ቢታመሙ፣ አደጋ ቢደርስብዎት ወይም ከሥራ ቢወጡ የዱቤውን ወርሃዊ ክፍያ ይሸፍናል ተብሎ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ነው። በካታሎግ አካውንት ላይ ዋጋው የሚሰላው በወሩ ቀሪ ዕዳ ልክ ስለነበር ነው አንዴ 4፣ አንዴ 9 የሆነው። ዕዳውን በየወሩ አጠናቀው ካልከፈሉ ደግሞ ኢንሹራንሱ ራሱ ዕዳው ላይ ተደምሮ ወለድ ይወልዳል። ስለዚህ ከእርስዎ የተወሰደው ስቴትመንቱ ላይ ከሚያዩት ይበልጣል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያቆመኝ «በሳምንት 12 ሰዓት» የሚለው ነው። ከእነዚህ ውሎች ብዙዎቹ የሥራ አጥነት ካሳ የሚከፍሉት በሳምንት ቢያንስ 16 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ነበር። በእርስዎም ውል እንዲህ ተጽፎ ከነበረ፣ ያኔ ሥራዎን ቢያጡ አንድ ሳንቲም አይከፈልዎትም ነበር። ሻጩ «በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅዎት ይህን ወዲያው ያውቅ ነበር። አለመጠየቁ ወይም ጠይቆ መሸጡ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ስለዚህ የውሉን ቃል ማግኘት የመጀመሪያ ሥራዎ ይሁን።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። በብሪታንያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይህ ኢንሹራንስ ያለአግባብ ተሽጦለታል። ከ2011 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መልሰዋል። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍሲኤ ለቅሬታ የመጨረሻውን ቀን ኦገስት 29፣ 2019 አድርጎ ወሰነ፤ የአርኖልድ ሽዋርዜኔገርን ጭንቅላት ቅርጽ በቴሌቪዥን እያሳየም ሕዝቡን ሲያሳስብ ከረመ። በዚህ ምክንያት «አልሰማሁም ነበር» ማለት ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ማስታወቂያው ሌሊት በሚሠሩና እንግሊዝኛው ገና በነበረ ስንት የእኛ ሰዎች ቤት ሳይሰማ እንዳለፈ ሳስብ ግን ያናድደኛል። በዚያ ወቅት በጽኑ ታመው ሆስፒታል የነበሩ ወይም ይህን የመሰለ ከባድ ምክንያት ያለዎት ከሆነ ጠቅሰው ይጻፉ፤ ልዩ ሁኔታ ተብሎ ሊታይ ይችላል። ካልሆነ ግን በቅሬታው መንገድ ጊዜዎን አያባክኑ።

የፍርድ ቤቱ መንገድ የሚነሣው ከ1974ቱ የሸማቾች ዱቤ ሕግ አንቀጽ 140ኤ ነው። በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ያለው ግንኙነት ኢፍትሐዊ ከሆነ ዳኛው ገንዘብ እንዲመለስ ማዘዝ ይችላል። በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌቪን በተባሉ ሴት ጉዳይ ይህን አንቀጽ ተግባራዊ አደረገ። ሴትዮዋ ለኢንሹራንሱ የከፈሉት 5,780 ፓውንድ ነበር። ከዚህ ውስጥ 71.8 በመቶው ለደላላውና ለአበዳሪው በኮሚሽን ሄዶ ኖሯል፤ ይህን የነገራቸው ግን አልነበረም። ፍርድ ቤቱም ያን ያህል ኮሚሽን መደበቅ ግንኙነቱን ኢፍትሐዊ ያደርገዋል አለ። የእርስዎ ጉዳይ በአንድ በኩል ከእሳቸው ይጠነክራል። ለእሳቸው ኢንሹራንሱን ያስማማው ደላላ ስለነበር የደላላው ጥፋት በአበዳሪው ላይ አልተላከከም። ለእርስዎ የሸጠው ግን በስልክ ያነጋገረዎት የኩባንያው ሠራተኛ ከሆነ፣ የሻጩ ጥፋት የአበዳሪው የራሱ ጥፋት ነው።

ይርጋውስ? ኢንሹራንሱ በ2010 ስለቆመ «ስድስት ዓመቱ በ2016 አልቋል» ይሉዎታል። በኦክቶበር 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስሚዝ የተባሉ ደንበኛ ከሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ጋር በነበራቸው ክርክር ይህን ጥያቄ ዘጋው። እዚያም ኢንሹራንሱ የቆመው በ2006 ነበር፤ የክሬዲት ካርዱ አካውንት ግን እስከ 2015 ቀጥሏል። ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመቱ የሚቆጠረው የዱቤ ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ነው ሲል ፈረደ። የእርስዎ ግንኙነት ያበቃው በ2022 ነው። ስለዚህ እስከ 2028 ጊዜ አለዎት፤ ትክክለኛዋን ቀን የሚወስነው አካውንቱ ዜሮ ሆኖ የተዘጋበት ዕለት ነው። ይህ የምነግርዎት የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ነው፤ ስኮትላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች ይርጋቸው አጭር ስለሆነ ለብቻ ይጠይቁ። «እስከ 2028» ስላልኩ ደግሞ እስከዚያ አይቆዩ። አካውንት ከተዘጋ ከስድስት ዓመት በኋላ ብዙ ኩባንያዎች መዝገቡን ያጠፋሉ።

ለዚህም ነው ዛሬ ነገ ሳይሉ የግል መረጃዎን ሁሉ እንዲሰጡዎት በጽሑፍ ይጠይቁ የምለው። በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት ይህ በነፃ ነው፤ በመደበኛ ሁኔታ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። በአማርኛ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ «ከ2004 እስከ 2022 በስሜ የነበረውን አካውንት ስቴትመንቶች በሙሉ፣ የኢንሹራንሱን ውል፣ ሽያጩን የሚመለከት ማንኛውንም ማስታወሻና የስልክ ቅጂ፣ አካውንቱ የተዘጋበትን ቀን እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከኢንሹራንሱ የወሰዳችሁት ኮሚሽን በመቶ ስንት እንደነበረም ንገሩኝ።» የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳይመልሱ ሊያልፏት ይችላሉ፤ መጠየቅዎ ግን በጽሑፍ ይቀራል። በእጅዎ ያሉትን የድሮ ስቴትመንቶች ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፣ ዋናውን ለማንም አይስጡ። «መዝገብ የለንም» ቢሉዎት ጉዳዩን የሚያቆምልዎት እሱ ወረቀት ነው።

መረጃው ሲደርስዎት ከክስ በፊት የሚላክ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ምን እንደተሸጠልዎት፣ በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ይሠሩ እንደነበር፣ አማራጭ መሆኑን እንዳልነገሩዎት፣ ኮሚሽኑን እንዳልገለጹልዎት፣ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅሱና ስንት እንደሚጠይቁ ይገልጻሉ። ቀላል ለሆነ ጉዳይ 14 ቀን መስጠት የተለመደ ነው። ያላስታወሱትን አይጨምሩ። ከ20 ዓመት በፊት የተደረገን የስልክ ንግግር ቃል በቃል አስታውሳለሁ የሚል ሰው ይጠረጠራል፤ «ስለ ኢንሹራንስ ሲነግሩኝ አላስታውስም፣ እንግሊዝኛዬም ያኔ ደካማ ነበር» የሚል ግን ይታመናል። ግንኙነቱ ኢፍትሐዊ ነበር ብለው ከተከራከሩ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው አበዳሪው ላይ መሆኑንም ይወቁ። ሕጉ እንዲህ የሚለው ሁሉ ነገር በአበዳሪው እጅ ስለሆነ ነው።

ገንዘቡ ስንት ይሆናል? በወር በአማካይ 6 ፓውንድ ብንል በስድስት ዓመት 430 ፓውንድ ገደማ ነው። በላዩ ላይ ካታሎጉ ያስከፈለው ወለድ አለ። በእነዚህ ጉዳዮች እንደተለመደው ለየዓመቱ 8 በመቶ ቢታሰብ ደግሞ ከዋናው የሚበልጥ ይሆናል። የወለዱን መጠን ግን የሚወስነው ዳኛው ነው። ከ10,000 ፓውንድ በታች ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ ጥያቄዎች ችሎት ይታያል። እዚያ ቢሸነፉ እንኳ አጉል ካልተከራከሩ የተቃራኒውን ወገን የጠበቃ ወጪ አይሸከሙም፤ የሚያጡት የከፈሉትን የፍርድ ቤት ክፍያ ነው። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነም ከክፍያው በከፊል ወይም በሙሉ ነፃ እንዲያደርጉዎት ያመልክቱ። ብዙ ጊዜ ኩባንያው ችሎት ሳይደርስ ገንዘብ ያቀርባል። ያኔ «ሙሉና የመጨረሻ» የሚል ነገር ላይ ከመፈረምዎ በፊት ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት።

ለሚደውልልዎት ሰው ባንክ ቁጥርዎንም ፊርማዎንም አይስጡ። በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ የሌለ ድርጅት ከሆነ ስልኩን ይዝጉ። ቢኖርም እንኳ መረጃውን ራስዎ በነፃ ማስወጣት እየቻሉ ገና ለገና 40 በመቶ መስጠት ምን ሊባል ነው? በስልክ ተስማምተው ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላሉ። በአካባቢዎ ያለው ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም የሕግ ማዕከል ደብዳቤውን ያለክፍያ ያይልዎታል።

የእህትዎ ነገር ቀላል ነው፤ የ2019ኙ ገደብ እሷን አይመለከትም። ገዢው ሳይመርጥ ምልክት በተደረገበት ሳጥን ተጨማሪ ኢንሹራንስ መሸጥ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ታንብበው፦ የተሸጠላት ኢንሹራንስ ነው ወይስ የሱቁ የጥገና ስምምነት? ኢንሹራንስ ከሆነ እንዲሰረዝና የከፈለችው እንዲመለስ ለሸጠላት ኩባንያ በጽሑፍ ቅሬታ ታቅርብ። ለመመለስ ስምንት ሳምንት አላቸው። ካልመለሱ ወይም መልሳቸው ካላረካት ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ትሂድ፤ ስልኩ 0800 023 4567 ነው፣ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለች። የኩባንያው የመጨረሻ መልስ ከደረሳት በኋላ ያላት ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ የደብዳቤውን ቀን ትያዝ። የጥገና ስምምነት ከሆነም ዝም አትበል፤ ዋጋው ከሶፋው ጋር በዱቤው ውስጥ ከተካተተ ቅሬታዋን ለዱቤ ሰጪው ጭምር ትጻፍ።