ስኳር፣ ዘርና ጡንቻ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ ከደሴ

ሰላም የወሎ ልጆች! ባለፈው ሳምንት «በስኳር በሽታ ጡንቻም እጁ አለበት» ብዬ ብጽፍ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጥለቀለቀ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም። የማወራው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ስለሚልበት) ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ስኳር የቆሽት በሽታ አይደል እንዴ? ጡንቻ ምን አገባው?

ቆሽትማ ኢንሱሊን ያመርታል። ግን ኢንሱሊን በር አንኳኪ ነው፤ ስኳሩን ተቀብሎ የሚያስገባ ቤት ይፈልጋል። ትልቁ ቤት ጡንቻ ነው። ለሰዎች ኢንሱሊን በደም ሥር እየሰጡ ሲለኩ፣ ከደም ከሚወጣው ስኳር 80 በመቶ ያህሉ የሚገባው እዚያ ነው። በሩ ግሉት 4 የሚባል ፕሮቲን ነው። ሥራ ከሌለው ሴሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ኢንሱሊን ሲያንኳኳ ወደ ጠርዝ ወጥቶ ስኳር ያስገባል። በሩ አልከፈት ካለ ቆሽት ይብስ ያመርታል፣ ለዓመታት እንዲያ ይለፋና የደከመው ቀን ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ከልጓም ዘር ይስባል ይባላል። እናቴም አባቴም ስኳር አለባቸው። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ ስኳሬም ደህና ነው። አለቀልኝ ማለት ነው?

ኧረ አላለቀልህም ወንድሜ! ግን ነገሩን ቀላል ነው ብዬ አልሸነግልህም። እንዳንተ ሁለቱም ወላጆቻቸው ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተጠንተዋል። ስኳራቸው ገና ደህና ሳለ ጡንቻቸው ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚልባቸው ነበሩ፤ በሽታው የያዛቸው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

2003 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ስብና ስኳር አቃጥሎ ጉልበት የሚያወጣውን ማይቶኮንድሪያ የሚያዙ ጂኖች፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀዝቀዝ ብለው አግኝተዋቸዋል። መቀዝቀዛቸው የበሽታው መነሻ ይሁን ወይስ የመቀመጥ ውጤት፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይከራከሩበታል። የታወቀው ነገር እነዚህ ጂኖች ስትንቀሳቀስ መንቃታቸው ነው። ጂን ይወረሳል፣ ግን ይተኛልም ይነቃልም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አንድ ጂን ብቻውን ስኳር ያመጣል?

ብዙውን ጊዜ አያመጣም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ናቸው ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡት፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹም የሚነኩት ቆሽትን ነው። የግሪንላንድ ሰዎች ግን ጉድ አላቸው። 2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቲቢሲ1ዲ4 የተባለ ጂን ላይ አንድ ለውጥ ተገኘ፣ የሚያበላሸውም የጡንቻውን በር ነው። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ከሕዝቡ 4 በመቶ ያህል ናቸው፤ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው 10 እጥፍ ገደማ ነው። የሚገርመው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለኩ ብዙም አያስታውቅባቸውም፣ ጉዱ የሚወጣው ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ይሄ የእነሱ ታሪክ ነው፣ አምጥቼ ወሎ ላይ አልለጥፈውም።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ ደሴ)፦ ልጄ፣ ዶክተሩ «ይራመዱ» አለኝ። በዚህ ጉልበቴ ዳገት ወጥቼ ምን ላገኝ ነው?

እማማ፣ ከሁሉም የወደድኩት የእርስዎን ጥያቄ ነው። የጡንቻው በር ሁለተኛ መክፈቻ አለው። ጡንቻ ሲሠራ፣ ሲኮማተር፣ ግሉት 4 ያለ ኢንሱሊን ራሱ ይወጣል። ኢንሱሊን አልሰማ ያለ ጡንቻ እንኳ በዚህኛው ይከፍታል። ከዚያም በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ያህል ኢንሱሊንን የተሻለ ይሰማል።

አጎቴ ምሳ ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ጣቱን ወጋሁት፦ 212 ሚሊግራም በዴሲሊትር። በሌላ ቀን ያንኑ እንጀራ በሽሮ በልቶ፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት እያጉረመረመ ሄደ፦ 171። አንድ ሰው ነው፣ ጥናት አይባልም። እሱ ግን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ድጋሚ አስለካኝ።

ዳገቱ ይቅር፣ ሜዳ ሜዳውን ቢሄዱም ይሠራል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን መንገድ ላይ ሊወርድብዎት ይችላል። ከረሜላ ይያዙ፣ ሐኪምዎንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

እስከ በረካ ጠጡ፣ ስኳሩን ተዉት። «በጨው ላድርገው?» ያልከኝ ልጅ፣ የደም ግፊትን ሌላ ቀን እናወራለን።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የጂን ምርመራ ላሠራ?

ገንዘብሽን አታባክኚ እህቴ። በባዶ ሆድ ተለኪ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126ና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ድንበር ላይ የደረሰ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ይዘው በከፊሎቹ ላይ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና ትንሽ ክብደት መቀነስን ሞከሩ። 2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ በሽታው በ58 በመቶ ቀንሶ ነበር፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ ደግሞ በ31 በመቶ። በኋላ ጂናቸው ሲታይ ከባዱን የስኳር ጂን የወረሱትም ተጠቅመዋል።

የቀራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት ነው የማየው።